የቆመ ማጨጃም ይገድላል

ወንድሞቼ፣ በተለይም ፀጉራችሁ በትራክተር ወንበር ላይ የሸበተ፣ ይህ ለእናንተ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ነው። መሬቱ ጠንክሮ ጎማ መሸከም ሲጀምር የሱሉልታ፣ የሰንዳፋና የሆለታ ሣር ለድርቆሽ ይታጨዳል። ማጭድ አሁንም አለ፤ ከጎኑ ግን በትራክተር ፒቲኦ የሚዞረው ማጨጃ እየበዛ መጥቷል። በአርሲና በባሌ የመንግሥት እርሻዎች ላይ የሠለጠኑ እጆችም ዛሬ በግለሰብና በማኅበር ማሽን ላይ ይሠራሉ። እኔም ከእነዚያ እጆች የተቆጠርኩ ነኝና የምናገረው ለራሴ ሰዎች ነው። ወጣቱን መምከር አይከብድም፤ ወጣት ይሰማል። የሚከብደው እኛን መምከር ነው፤ «ይህን ሥራ አንተ ሳትወለድ ጀምሬዋለሁ» የምንለውን።

ማጨጃ ሲያጭድ ሁሉም ይፈራዋል። ድምፁ ራሱ ሰውን ያርቃል። እኔ ያየኋቸው ክፉ ጉዳቶች አብዛኞቹ የደረሱት ግን ሲያጭድ አልነበረም። ማሽኑ ቆሞ፣ አንድ ያለቀ ዕቃ ሊቀየር እጅ ሲገባ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያዬ ስለ አጨዳው አይደለም፤ ስለዚያች «አንዴ ቢላዋ ቀይረን እንቀጥል» ስለምንላት ሰዓት ነው።

በየሜዳው የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ቢላዋው ደንዝዞ ሣሩን መቁረጥ ትቶ መጎተት ይጀምራል። ሹፌሩ ከወንበሩ ሳይወርድ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ማጨጃውን በሃይድሮሊክ ወገብ ድረስ ያነሣዋል። ረዳቱ ጋቢውን በትከሻው ላይ ጥሎ በጀርባው ከሥሩ ይገባል። ብሎኑ በሣር ጭማቂና በጭቃ ተለስኗል፤ ለመፍቻ አይመችም። ረዳቱም ከታች ሆኖ «ትንሽ አዙራት!» ብሎ ይጮኻል፤ ሹፌሩም ፒቲኦዋን ነካ ያደርጋታል። ከዚህ ውስጥ ስሕተቱ የትኛው ነው ብትሉኝ፣ ሁሉም ነው። ልጁ ይህን ከመጽሐፍ አልተማረውም። የተማረው ከእኛ ከሽማግሌዎቹ ነው፤ እኛ ስናደርገው አይቶ፣ ዝም ስንለው ትክክል መስሎት።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የቆመ የመሰለን ማጨጃ ውስጥ ያልቆሙ ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ ሽክርክሪቱ ነው። የትራክተር ፒቲኦ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ በአንዳንዱ ትራክተር 1,000 ጊዜ። 540 ማለት በሰከንድ 9 ዙር ነው። የዲስክ ማጨጃ ደግሞ ያንን በማርሽ አባዝቶ ዲስኮቹን በደቂቃ ወደ 3,000 ዙር ያደርሳቸዋል። የቢላዋው ጫፍ በዚያን ጊዜ በሰከንድ 80 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በሰዓት ከ280 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ማለት ነው። ይህን ያህል የሮጠ ብረት ፒቲኦ ስለተቋረጠ ብቻ አይቆምም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሜዳው ጭር ብሎም ዲስኮቹ ከሸራው ሥር እየዞሩ ይቆያሉ። ሸራውን ከመግለጣችሁ በፊት ቁሙና ስሙ፤ የሚዞር ነገር ድምፅ አለው። ድምፁ እስኪጠፋ፣ ካርዳኑም ፈጽሞ እስኪቆም አንድ እርምጃ አትቅረቡ።

ሁለተኛው ክብደቱ ነው። አንድ መካከለኛ የዲስክ ማጨጃ 5 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። በሃይድሮሊክ ሲነሣ የያዘው ብረት አይደለም፤ በጎማ ቱቦ ውስጥ ያለ ዘይት ነው። ቱቦው ቢፈነዳ፣ ማኅተሙ ቢያፈስ፣ አንድ ሕፃን ወንበሩ ላይ ወጥቶ እጀታዋን ቢነካ 5 ኩንታሉ ይወርዳል። «ተጠንቀቅ!» ለማለት ጊዜ የለም። ከተነሣ ማጨጃ ሥር መግባት የግድ ከሆነ መቆለፊያው ስፒና ይግባ፣ ከሥሩም ክብደቱን የሚችል ማቆሚያ ወይም ወፍራም ግንድ ይደገፍ። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለማቆየት አልተሠራም። ብሎኬት የሚደግፉም አያለሁ፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል፣ አትመኑት። ታጥፎ ወደ ላይ የቆመ ማጨጃም እንዲሁ ነው፤ መንጠቆው ካልተቆለፈ በቀር እንደ ተንጠልጣይ ድንጋይ ቁጠሩት።

ሦስተኛው የዘይቱ ግፊት ነው። በትራክተር ሃይድሮሊክ ውስጥ ያለው ግፊት ከ150 እስከ 200 ባር ይደርሳል። ይህ በቤት መኪና ጎማ ውስጥ ካለው አየር ከ60 እጥፍ በላይ ነው። ቱቦው በመርፌ ቀዳዳ ያህል ቢሰነጠቅ የሚወጣው ዘይት ለዓይን አይታይም፤ ቆዳን ግን በስቶ ይገባል። ስንቶቻችን ነን የሚያፈሰውን ቦታ በመዳፋችን እየዳሰስን የምንፈልግ? በካርቶን ፈልጉ፤ ካርቶኑ ይበሳ። ዘይቱ እጅ ከገባ መጀመሪያ የሚታየው ትንሽ ነጥብ ነው፤ ብዙም አያምም። ሰውየው ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከሰዓታት በኋላ እጁ ያብጣል፤ ዘይቱ ከቆዳው ሥር ሥጋውን እየገደለ ነውና። ይህ የቀዶ ሕክምና አጣዳፊ ጉዳይ ነው። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ «እጁን ተወጋ» አትበሉ፤ «በከፍተኛ ግፊት ዘይት ገብቶበታል» በሉና ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል በዚያው ሰዓት እንዲላክ ጠይቁ። ማደር ጣት ያስቆርጣል።

አራተኛውን ከሁሉ አብልጬ እፈራዋለሁ፤ እሱም ሌላ ሰው ነው። አንዱ ከሥር ገብቶ ሌላው ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ የታችኛው ሕይወት በላይኛው እግር ላይ ናት ማለት ነው። በነፋስ «ቆይ» የተባለው «በይ» ሆኖ ይሰማል። የስልክ ጥሪ ይመጣል፣ ጉልበት ማንሻውን ይገፋል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በእኛ ማሽን ላይ አንድ ሕግ ይኑር፦ የሞተሩ ቁልፍ እጁን በሚያስገባው ሰው ኪስ ይሁን። በሹፌሩ ኪስ አይደለም፣ በባለቤቱም አይደለም። ረዳቱ ነው የሚገባው? ቁልፉን ረዳቱ ይያዝ። «ልጅ እንዴት ቁልፍ ይይዝብኛል» የሚል ካለ ራሱ ይግባ።

አውቃለሁ፣ ቁልፍ የሌላቸው ትራክተሮች አሉን። ቁልፋቸው ከጠፋ ዘመን ያለፋቸው፣ በካቻቢቴ ሞተሪኖውን እያገናኘን የምናስነሣቸው። ለእነዚያ ደግሞ የባትሪው ገመድ ይፈታ፣ ካርዳኑም ከፒቲኦው ይነቀል። ካርዳን መንቀል ጥቂት ደቂቃ ነው። የተነቀለ ካርዳን ማንም ቢሳሳት ማንንም አያዞርም።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። አለቀ የምንለውን መቼና በምን እንደምንቀይረው ካላወቅን፣ ጥንቃቄያችን ሁሉ ግማሽ ነው።

የቢላዋውን ብሎን ፍቱና በመዳፋችሁ ላይ አኑሩት። አዲስ ሲሆን አንገቱ ዙሪያውን እኩል ነው። የሠራ ብሎን ግን በአንድ ጎኑ ተበልቷል፤ ጥፍራችሁን ብታስኬዱበት ጉድጓዱ ይይዛችኋል። ጭንቅላቱም በአሸዋ ተልጎ ሳስቷል። ቀጥሎ የቢላዋውን ቀዳዳ ተመልከቱ፤ ክብ የነበረው እንደ እንቁላል ሞልሟላ ሆኖ ከሆነ፣ በቀዳዳውና በጠርዙ መካከል የቀረው ብረት ስንት ነው? አሁን አስቡ። 100 ግራም የሚመዝን ቢላዋ በዚያ ፍጥነት ሲዞር ብሎኑን ወደ ውጭ የሚጎትትበት ኃይል ከ200 ኪሎ ክብደት በላይ ነው። ሁለት ኩንታል በዚያች በተበላች አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። በተቆረጠች ቀን ቢላዋው ሸራውን ቀዶ ይወጣል። ከብት ጠባቂ ልጅ አለ፣ ድርቆሽ የሚሰበስቡ ሴቶች አሉ፣ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው አለ። የተበላ ብሎን ይጣላል። ለሌላ ቀን ብላችሁ በሣጥን አታስቀምጡት፤ ቸኩሎ የሚመጣ ሰው ያነሣዋል።

በአንድ ዲስክ ላይ ያሉት ቢላዋዎች አብረው ይቀየራሉ። አንዱን አዲስ፣ አንዱን አሮጌ ካደረጋችሁ ዲስኩ ሚዛኑን ያጣል፤ መንቀጥቀጡ ኩሽኔታውን ይበላል፣ ሌሎቹን ብሎኖች ያላላል። ወደ ቀኝ የሚዞረውና ወደ ግራ የሚዞረው ቢላዋ ይለያያል፤ በላዩ ያለውን ቀስት አንብቡ። ራሱን የሚያጠብቀው ዳዶም አንዴ ከተፈታ ጉልበቱ ይቀንሳልና ከብሎኑ ጋር አዲስ ይግባለት።

ብየዳን በተመለከተ ልባችሁን እንደማስከፋ አውቃለሁ፤ በአገራችን ያልተበየደ ነገር የለምና። ማረሻ መበየድ ትችላላችሁ፣ የጋሪ ዘንግም ትበይዳላችሁ። የማጨጃ ቢላዋ ግን በእሳት ልክ የጠነከረ ብረት ነው። ሲበየድ በአንድ በኩል እንደ መስታወት ተሰባሪ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ለስላሳ ይሆናል። በፍሌክስ አብዝቶ መሳልም ያግለዋል፤ ብረቱ ወደ ሰማያዊ ከዞረ ጥንካሬው ሄዷል። የጎበጠውን በመዶሻ ማቅናትም ክልክል ነው፤ ከጠነከረ ብረት የሚፈናጠር ስብርባሪ ዓይን ይወስዳል። የተሰነጠቀ፣ የጎበጠ፣ የሳሳ ቢላዋ ዕድሜው አልቋል።

በብዙዎቹ ማጨጃዎች ላይ ሆን ተብሎ እንዲቆረጥ የተሠራ ብሎን አለ። ማጨጃው ድንጋይ ወይም ጉቶ ሲመታ እሱ ተቆርጦ ማርሹንና ካርዳኑን ያድናል። ሲደጋገምብን እንናደድና «ጠንካራ እናስገባለት» እንላለን። የብሎን ጭንቅላት ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱ ይጠነክራል። የማሽኑ መጽሐፍ ያዘዘውን ትታችሁ የጠነከረውን ስታስገቡ፣ ብሎኑ አይቆረጥም፤ የሚሰበረው ካርዳኑ ነው። እየዞረ የተሰበረ ካርዳን ደግሞ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ከኋላው ይመጣበታል።

በኮፒሊያ ፈንታ ሚስማር፣ በስፒና ፈንታ ረጅም ብሎን አጥልቆ ካርዳን ማሠርም የተለመደ ነው። ያ ወጣ ያለ ጫፍ ልብስ ይይዛል። በሰከንድ 9 ጊዜ የሚዞር ዘንግ ጨርቅ ከያዘ በአንዲት ሰከንድ ከ2 ሜትር በላይ ይጠቀልላል። ጋቢ፣ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የዝናብ ካፖርት፣ የተፈታ የጫማ ማሠሪያ፣ ሁሉም ለእርሱ አንድ ነው። የጠዋቱ ብርድ ጋቢ ያስለብሳል፣ አውቃለሁ፤ ጋቢውን ግን ዛፍ ላይ ሰቅላችሁ ወደ ማሽኑ ቅረቡ። የካርዳኑ የፕላስቲክ ሽፋን ከተሰበረም መለዋወጫ ነው፤ እንደ ቢላዋው ይገዛል፣ ይቀየራል። «ያለ ሽፋንም ይሠራል» ትሉኛላችሁ። ይሠራል፤ እየሠራም ሰው ይጠቀልላል።

ሥራው ራሱ ሥርዓት አለው። ትራክተሩ ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፣ ፒቲኦ ይቋረጥ፣ ማጨጃው መሬት ይረፍ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ሞተር ይጥፋ፣ ቁልፍ ይነቀል። ዲስኮቹ በውስጥ በማርሽ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱን በእጃችሁ ስታዞሩ ጎረቤቱም ይዞራል። የጎረቤቱ ቢላዋ ጣታችሁ ያለበትን ቦታ ጠርጎ ያልፋል። ስለዚህ ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት በሁለቱ ዲስኮች መካከል የእንጨት ሽብልቅ አግቡ። ወፍራም ጓንት አጥልቁ፣ መነጽር አድርጉ። መፍቻውን ስትስቡ ድንገት ቢለቅ እጃችሁ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድማችሁ እዩ፤ ቢላዋ ወዳለበት ከሆነ አቋቋማችሁን ቀይሩ። ባለ ጥርስ ረጅም ማጨጃ ያላችሁም፣ ጥርሱን በእጅ አትግፉ፤ አንድ ጫፍ ሲገፋ በሌላው ጫፍ ያለው ጣት ይቆረጣል።

ስትጨርሱ መፍቻዎቹን ቁጠሩ፣ ሽብልቁን አውጡ፣ ሸራውን መልሱ። ከዚያ ሰው ሁሉ ይራቅ። መቶ ሜትር አይብዛባችሁ፤ የተወረወረ ድንጋይና ቢላዋ ያንን ያህል ይሄዳል። ፒቲኦውን በዝቅተኛ ፍጥነት ጀምሩና አዳምጡ። የመጀመሪያውን ሰዓት ከሠራ በኋላ አቁማችሁ፣ ያንኑ ሥርዓት ደግማችሁ፣ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ፤ አዲስ የገባ ዕቃ ቦታውን ሲይዝ ይላላል።

ይህን ሁሉ የሚያፈርሰው አለማወቅ ሳይሆን ጥድፊያ ነው። አይሱዙው ቆሞ ይጠብቃል፣ ደመናው ይከብዳል፣ የድርቆሹ ባለቤት በስልክ ይጮኻል። በዚያች ሰዓት ማንም ሰው ጠንቃቃ አይሆንም፤ እኔም እናንተም። መፍትሔው ከዚያች ሰዓት ጋር አለመገናኘት ነው። ቢላዋና ብሎን ማታ ይታያል፣ ማሽኑ በቆመበት ግቢ፣ በብርሃን፣ ሆድ ሳይራብ። የሳሳው እዚያው ይቀየራል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ነው። ትርፍ ቢላዋ፣ ብሎንና ዳዶ በትራክተሩ ሣጥን ውስጥ ይኑር፤ ሰው ሜዳ ላይ ሚስማር የሚያስገባው ኮፒሊያ ስለሌለው ነው። ሶማሌ ተራ ስትሄዱም የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ውፍረቱን፣ ርዝመቱንና ቁጥሩን አመሳክሩ። ርካሽ ያልታወቀ ብሎን ቀን አይነግራችሁም።

ለማሽን ባለቤቶች አንድ ቃል አለኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ከአደጋ እንዲጠብቅ፣ ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስረዳና የአደጋ መከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ ያዝዛል። ጓንትና መነጽር ችሮታ አይደሉም፣ ግዴታ ናቸው። ኦፕሬተሩ «ቢላዋው አልቋል፣ አልሠራም» ባላችሁ ቀን ደመወዙን አትቁረጡ። አመስግኑት።

እናንተ ግን ወንድሞቼ፣ ከባለቤቱ በላይ ተጠያቂዎች ናችሁ። ረዳቱ ሕጉን አያነብም፤ የሚያነበው እናንተን ነው። ዛሬ ሞተር ሳታጠፉ እጃችሁን ብታስገቡና በደኅና ብትወጡ፣ ነገ እርሱ ያስገባል፤ እንደ እናንተ መውጣቱን ግን ማንም ዋስ አይሆንለትም። «ይህን ያህል ዘመን ስሠራ ምን ሆንኩ?» አትበሉ። ማሽን አገልግሎት አይቆጥርም፣ ሽበትም አያከብርም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ በእኛ ሙያ ይህ ምሳሌ አይደለም፣ ቃል በቃል የሚሆን ነው።

አደራዬ ይህ ነው። የዘንድሮው አጨዳ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዳችሁ ረዳታችሁን ጥሩት። ማጨጃውን መሬት አሳርፉ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ነቅላችሁ በእጁ ስጡት፣ ቢላዋ አቀያየሩንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳዩት። ሞተር ሳይጠፋ እጅህን አስገባ ብላችሁ ብታዝዙት እንቢ እንዲላችሁም ፈቃዱን ከወዲሁ ስጡት፤ እንቢ ባላችሁ ቀን አትቆጡት።